ቱቦው መቼ ይወጣል?

በመተማ ቆላ ሕመምተኛ ይዞ ሆስፒታል ለሚገባ አስታማሚ

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ያዛል፣ ነርሷ መርፌ ትወጋለች፣ የቀረውን የሚሠራው አስታማሚ ነው። ሕመምተኛውን የሚያገላብጡት፣ ውኃ የሚያቀርቡለት፣ አንሶላ የሚለውጡለት፣ ሌሊት ተነሥተው የሽንት ከረጢቱን የሚደፉለት እርስዎ ነዎት። ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደግሞ በዚህ ሥራ መካከል ሊገባ ይችላል። ይህን መመሪያ ለሐኪም ሳይሆን ለእርስዎ የጻፍሁት ለዚህ ነው።

የመተማ ሆስፒታል ስሙ መተማ ይሁን እንጂ የሚገኘው ድንበሩ ላይ ባለችው መተማ ዮሐንስ አይደለም፤ በምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ በገንዳ ውኃ ነው። ወደዚያ የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ዓይነት ነው። ከሰሊጥ እርሻ በወባ ራሱን ስቶ የመጣ የቀን ሠራተኛ አለ። ለካላዛር 17 ቀን መርፌ የሚወጋ ወጣት አለ። ምጥ ጠንቶባት ከሽንፋ ወይም ከቋራ በኩል የመጣች እናት አለች። ሽንት አልወርድ ብሎት ሲያቃስት ያደረ አዛውንት አለ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ አለ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ የሽንት ቱቦ፣ በሐኪሞቹ አነጋገር ካቴተር፣ ይገባላቸዋል።

የሽንት ፊኛ ራሱን የሚያጥበው በሽንቱ ነው። ሽንት በወረደ ቁጥር ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ጀርም ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። ቱቦ ሲገባ ይህ እጥበት ይጓደላል። ጀርሞቹ በቱቦው ግድግዳ ላይ እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ሠርተው እዚያ ተጠልለው ይራባሉ፤ መድኃኒት ሽፋኑን ዘልቆ መግባት ይቸግረዋል። ቱቦ በገባለት ሰው ሽንት ውስጥ ጀርም የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ወር ከሞላው ጀርም የሌለበት ሽንት ማግኘት ይከብዳል።

ስለ መድኃኒት መላመድ አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል። የለመደው ሰውነት አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ስለዚህ በሕይወቱ አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ ውጦ የማያውቅ የገጠር ሰው እንኳ አጠገቡ ከተኛው ሕመምተኛ መድኃኒት የለመደ ጀርም ሊጋባበት ይችላል። ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሆስፒታል ውስጥ ከአንቲባዮቲክ ጋር አብረው ውለው ያድራሉ፤ የሞተው ሞቶ የሚተርፈው መድኃኒቱን የቻለው ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች አምፒሲሊንና ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ የቆዩ መድኃኒቶች በብዙ የሽንት ጀርሞች ላይ ኃይላቸው እንደ ተዳከመ ደጋግመው አሳይተዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሰበብ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ከመግባቱ በፊት

ቱቦ ሊገባ ነው ሲባሉ «ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቁ። በቂ ምክንያት አለ፦ ሽንት ፈጽሞ ሲዘጋ፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ፣ በጽኑ የታመመ ሰው የሚሸናው መጠን በየሰዓቱ መለካት ሲኖርበት። በቂ ያልሆነ ምክንያትም አለ፦ ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ፣ አንሶላ እንዳይረጥብ፣ አስታማሚ እንዳይደክም። የኋለኞቹ ከሆኑ ፖፖ ያምጡ፣ ጨርቅ ደራርበው ያንጥፉ፣ ደግፈው ሽንት ቤት ያድርሱ። ድካሙ ይገባኛል፤ ሆኖም ያልገባ ቱቦ ጀርም አያስገባም።

መግባቱ ግድ ከሆነ የገባበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈው ከረጢቱ ላይ ይለጥፉ። «ጥቅምት 12» ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተረኛው ሲለዋወጥ፣ ሐኪሙ ሲቀየር፣ ካርዱ ሲገላበጥ ማንም ያላስተዋለውን ቱቦ ያቺ ፕላስተር ታስታውሳለች። ከዚያ በየማለዳው፣ ሐኪሞቹ ሲዞሩ፣ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ የአባቴ ቱቦ ዛሬ ሊወጣለት ይችላል?» ጥያቄው ድፍረት አይደለም። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ሌላ ምክንያት ከሌለ ቱቦው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ ይመረጣል፤ በኦፕራሲዮን የወለደች እናትም እንዲሁ። ከዚህ በታች ከምነግርዎ ሁሉ ይህን የማለዳ ጥያቄ አስበልጣለሁ።

ከረጢቱ

አጎቴን ሳስታምም የሽንት ከረጢቱን አልጋው ላይ፣ ከጎኑ አስቀምጬለት ነበር። መሬት ላይ ከሚጎተት ብዬ፣ በቅን ልብ። አጠገባችን ታናሽ ወንድሟን የምታስታምም ልጅ ናት «ጋሼ፣ ሽንቱ ይመለስበታል» ብላ ያነሣችው። ከረጢት ከፊኛው ከፍታ በላይ ወይም እኩል ሲሆን ውስጡ የተጠራቀመው ሽንት፣ ከነጀርሙ፣ ተመልሶ ይገባል።

ስለዚህ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከሕመምተኛው ወገብ በታች ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። የአልጋው ብረት ላይ ማሰር ይበቃል። የሚቸግረው ክፍሉ ሞልቶ ሕመምተኛው ፍራሽ ላይ መሬት ሲተኛ፣ ወይም በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ክፍሉ አላስቀምጥ ብሎ ሰው በረንዳ ላይ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ቱቦ ላለበት ሰው አልጋ እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ ምክንያቱን ካስረዱ ብዙ ጊዜ ይደመጣል። ካልተገኘ ፍራሽ ደርበው ከፍ ያድርጉትና ከረጢቱን በንጹሕ ሳፋ ውስጥ፣ ከፍራሹ ዝቅ አድርገው ያኑሩት። ሕመምተኛው ሲገላበጥ ቱቦው እንዳይታጠፍና ከሥሩ እንዳይተኛበት ይመልከቱ። ቱቦው ጭኑ ላይ በፕላስተር ይያያዝ፤ የሚወዛወዝ ቱቦ ያቆስላል።

ቱቦውና ከረጢቱ የሚገናኙበትን ቦታ በፍጹም አይነቅሉት። «ልጠበው»፣ «ልለውጠው»፣ «ልብስ ላልብሰውና ልመልሰው» አይባልም። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ዝግነቱ አበቃ። የሚከፈተው ከታች ያለው ማፍሰሻ ብቻ ነው።

ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ይድፉት። እጅ ይታጠቡ፣ ጓንት ካለ ያጥልቁ፣ የማፍሰሻው ጫፍ ዕቃውን ሳይነካ ያፍስሱ፣ ይዝጉ፣ ጓንቱን አውልቀው እንደገና ይታጠቡ። የሚደፉበት ዕቃ የሕመምተኛዎ ብቻ ይሁን። ግማሹን የቆረጡት የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ምልክት ያድርጉበት።

እዚህ ላይ ስለ ደግነታችን መናገር አለብኝ። አንዱ አስታማሚ ምግብ ሊገዛ ሲወጣ ሌላው የእሱን ሕመምተኛ ይጠብቃል፤ ከደጋ ብቻውን ለሥራ መጥቶ የታመመውን፣ ወገን የሌለውን የቀን ሠራተኛ ክፍሉ ሁሉ ተጋግዞ ያስታምመዋል። ይህ ወግ እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን የአንዱን ከረጢት በደፋው ባልታጠበ እጅ የሌላውን መድፋት፣ አንዱን የፕላስቲክ ዕቃ ለሦስት አልጋ ማዞር፣ መድኃኒት የለመደውን ጀርም ከአልጋ ወደ አልጋ እያዞሩ ማከፋፈል ነው። ያግዙ፤ በሁለቱ መካከል እጅዎን ይታጠቡ።

የቧንቧ ውኃ በሚጠፋበት ቀን በጀሪካን የተቀዳ ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ ውኃው ከላይ ይፍሰስልዎ እንጂ ሳፋ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ አይታጠቡ። የአልኮል ሳኒታይዘር ከተገኘ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እጅን ማሸት ነው። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን ሳኒታይዘር አይተካም፤ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ገላ፣ ውኃና ሐፍረት

ቱቦው የገባበትን አካባቢ በቀን አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ሰገራ ከነካው ወዲያው፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይጠቡ። ለሴት ከፊት ወደ ኋላ። ዴቶል፣ አልኮል፣ ፓውደር፣ ቅባት አያስፈልግም፤ ቆዳውን አቁስሎ ለጀርም በር ይከፍታል።

አባቷን የምታስታምም ሴት ልጅ ይህን ማድረግ ያሳፍራታል፤ እሱም እሺ አይላትም። በዚህ ምክንያት ሳይታጠብ የሚሰነብት ሽማግሌ ብዙ ነው። ካፈሩ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ በየቀኑ ለዚች ሥራ ብቻ እንዲመጣ ያድርጉ፤ ካልተገኘ ለተረኛው ነርስ ይንገሩ። የሚነገር እንጂ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ሕመምተኛው ውኃ ይጠጣ። በዚህ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ላብ ብዙውን ይወስደዋል፤ ሽንቱ ወፍሮ ቡናማ ይሆናል። ሐኪሙ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት «ውኃ ይቀንስ» ካላለ በቀር ሽንቱ ገረጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ያጠጡት።

ትኩሳት የመጣ ዕለት

በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ልክም ነው፣ ይመርመር። ነገር ግን የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ በኋላ፣ አንዳንዴም ወባ ተገኝቶ ታክሞ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል፣ ቱቦውን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። «ቱቦ ከገባለት 6 ቀኑ ነው» ይበሉ። የጻፉት ፕላስተር እዚህ ይረዳዎታል።

የሚያሳስቡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከጎድን በታች ጀርባው ላይ ሕመም፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ በአዛውንት ላይ ድንገት የመጣ መቃዠት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ሳይውል ሳያድር ይንገሩ። ማንቀጥቀጥና መቃዠት አብረው ከመጡ፣ ወይም ሽንቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ይቀስቅሱ።

በአንጻሩ ሽንቱ ደፈረሰ ወይም ሸተተ ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ አይጀመርም። ቱቦ ላይ የቆየ ሽንት ይደፈርሳል፣ ይሸታል፤ ጀርምም ይገኝበታል። ሕመምተኛው ምንም ካላመመው፣ ሕመምተኛዋ ነፍሰ ጡር ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተቃረበ፣ ያ ጀርም በመድኃኒት አይሳደድም። ቢሳደድ ደካማው ይሞትና ብርቱው ቦታውን ይወርሳል። «ሽንቱ እንዲህ ሆኖ ዝም ትላላችሁ?» ብሎ ሐኪሙን መጨቅጨቅ በዚህ ቦታ ሕመምተኛዎን ይጎዳዋል።

ናሙናው

ለሽንት ምርመራ ናሙና ሲባል ከከረጢቱ ቀድተው አይስጡ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሲፈላ የዋለ ሽንት ነው፤ የሚነግርዎት ስለ ከረጢቱ እንጂ ስለ ፊኛው አይደለም። ናሙናው በነርስ እጅ፣ ቱቦው ላይ ካለው መቅጃ፣ በአልኮል ተጠርጎ በንጹሕ ሲሪንጅ ይወሰዳል። ቱቦው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መጀመሪያ ይለወጥና ከአዲሱ ይቀዳል። ቱቦ የሌለው ሰው ደግሞ ታጥቦ፣ የመጀመሪያውን ትንሽ አፍስሶ፣ መካከለኛውን ይሰጣል። ናሙናው የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ጀርሙ ቢኖርም ላያድግ ይችላል። ሕመምተኛው በጣም ከተዳከመ ግን ናሙናው ወዲያው ይቀዳና ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ይጀመራል።

ተራው የሽንት ምርመራ በደቂቃዎች ያልቃል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚነግረው ግን ካልቸር የሚባለው፣ ጀርሙን አሳድጎ በየመድኃኒቱ የሚፈትነው ምርመራ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በሁሉም ሆስፒታል አይሠራም። ናሙናው ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ የቆላው ሙቀት ጠላቱ ነው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ በበረዶ ሣጥን 4 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፣ እሱም ቢበዛ 24 ሰዓት። በኪስ ተይዞ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ የተጓዘ ሽንት መንገድ ላይ ጀርሙ ተራብቶ ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል። ገንዘብ ከፍለው በከንቱ ከሚሄዱ ለላቦራቶሪው «እንዴት ይዤ ልሂድ?» ብለው ይጠይቁ።

መድኃኒቱ

የታዘዘውን መድኃኒት ስም ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ጭምር። ሕመምተኛው ወደ ጎንደር ሪፈር ሲጻፍለት «ምን ሲወስድ ነበር?» ይባላሉና «መርፌ ነበር» ማለት አይጠቅምም። ሴፍትሪያክሶን 5 ቀን ወስዶ አልተሻለውም ብሎ መናገር ለሚቀጥለው ሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው።

«ጠንከር ያለውን እዘዙለት» አይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት መድቧቸዋል፤ አሞክሳሲሊንና ናይትሮፉራንቶይን ቀድመው ከሚታዘዙት ናቸው፣ ሴፍትሪያክሶንና ሲፕሮ በጥንቃቄ ከሚሰጡት፣ ሦስተኛዎቹ ሌላ ሁሉ ሲያቅት የሚጠበቁ ናቸው። ካልቸሩ መጥቶ ሐኪሙ ውዱን መርፌ ትቶ ርካሽ ክኒን ቢያዝልዎ ሕመምተኛዎን ናቀው ማለት አይደለም፤ ጀርሙ በምን እንደሚሞት ታወቀ ማለት ነው።

ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢወርድም የታዘዘው ቀን እስኪሞላ ይውሰድ፣ ብዙ ጊዜ 7 ቀን ነው፤ ከታዘዘው በላይም በራስዎ አይጨምሩ። የተረፈ ካለ ለሌላ ሰው አይስጡ። እርሻ ካምፕ ውስጥ አንድ ፓኬት ካፕሱል ለአራት ሰው ሲካፈል ይታያል። ሽንት ማጥ የያዘው ሰው ጨብጥ ነው ብለው እንዳያሙት ፈርቶ ተደብቆ የጓደኛውን ይውጣል። ሁለት ፍሬ ካፕሱል ጀርም አይገድልም፤ ያለማምዳል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሻጩ ፈቃደኛ ቢሆንም እርስዎ አይግዙ። ከድንበር ማዶ በጆንያ መጥቶ ገበያ ላይ የሚሸጠውንም እንዲሁ። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ካፕሱል ስሙ እንጂ ኃይሉ ላይኖር ይችላል።

ቱቦ ይዞ መንገድ

የፕሮስቴት ሕመም ያለባቸው ብዙ አዛውንቶች ቀዶ ሕክምና እስኪደርሳቸው ቱቦ እንደያዙ ቤት ይላካሉ፤ ከዚያ ቀጠሮው ሲደርስ በአይከልና በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር ይጓዛሉ። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለና ቀጠሮው ይራዘማል፤ ቱቦውም አብሮ ይሰነብታል። ወደ ቤት ሲላኩ «ይህ ቱቦ የሚለወጠው መቼና የት ነው?» የሚለውን ሳይጠይቁ አይውጡ፤ አቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ መለወጥ ይችል እንደሆነም ያረጋግጡ።

ለጉዞው ከመሳፈር በፊት ከረጢቱን ይድፉ። አዛውንቱ ጥግ ይቀመጡ፤ ከረጢቱ ከጉልበታቸው በታች እግራቸው ላይ ይታሰር፣ በጋቢ ይሸፈን። ጭናቸው ላይ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ወይም ዕቃ መጫኛ ላይ አይደረግ። ሰው እንዳያይብን ብለው ቱቦውን በክር አስረው የሚጓዙ አሉ፤ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ ይህ አይደረግ። መኪናው ሲቆም እንደገና ይድፉ፣ ለእጅዎ ውኃና ሳሙና ይያዙ።

ሲወጣ

ቱቦው የሚወጣው በነርስ እጅ ነው። ውስጥ ያለው የቱቦው ጫፍ በውኃ የተነፋ ባሉን ስላለው ሕመምተኛው ወይም እርስዎ ከሳባችሁት ሥጋ ይቀድዳል። ከወጣ በኋላ ሰዓቱን ይመልከቱ፣ ውኃ ያጠጡት፣ ፖፖውን ያቅርቡለት። የመጀመሪያው ሽንት ትንሽ ያቃጥላል፤ ይህ ያልፋል። 6 ሰዓት ሞልቶ ሽንት ካልመጣ ወይም ከእምብርቱ በታች ተነፍቶ ካመመው ለነርሷ ይንገሩ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ማቃጠሉ ከበረታ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ቤት ገብታችሁ ቢሆንም እንኳ፣ ደብተሩን ይዘው ይመለሱ፤ ቱቦው የገባበትንና የወጣበትን ቀን አስቀድመው ይናገሩ።